ልጅ አይቆጠርም

የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ቡታጅራ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እንድታከብሩኝ ብዬ አይደለም። ከዚህ በኋላ በእንግሊዝኛ ላይ የማወርደውን ወቀሳ ቋንቋው የጠፋባት ሴት ንዴት አድርጋችሁ እንዳትወስዱብኝ ነው። ቋንቋውን አውቀዋለሁ። የተናደድኩትም ስለማውቀው ነው።

እስኪ ፍረዱኝ። ዳቦ በእንግሊዝኛ አይቆጠርም። ጠዋት ጠዋት ከቤቴ በታች ባለው ዳቦ ቤት ሰዉ ተሰልፎ «አራት ስጠኝ»፣ «ለኔ ስድስት» እያለ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። እኔም ተሰልፌ ሦስት እገዛለሁ። ከዚያ ክፍል ገብቼ፣ ያ ዳቦ ገና ከሆዴ ሳይወርድ፣ ሰባ ተማሪ ፊት ቆሜ «ዳቦ አይቆጠርም» ብዬ አስተምራለሁ። ሩዝ አይቆጠርም፤ ባቄላ ግን ይቆጠራል። ባቄላን ቁጭ ብሎ የቆጠረው ማን ነው? ፀጉር አይቆጠርም፤ ወጥ ውስጥ አንዲት ስትገኝ ግን ትቆጠራለች። ገንዘብ እንኳ አይቆጠርም ይላሉ! ይህን ጉራጌ አገር ቆሞ ማስተማር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ያስተማረ ያውቀዋል። ምክር አይቆጠርም የሚሉት ላይ ብቻ ነው የምስማማው፤ የኛ ሰፈር ምክር በእርግጥም ቁጥር የለውም።

ከዚህ ሕግ ጋር የቆየ ነገር አለኝ። አባቴ ወልቂጤ ውስጥ አናጢ ነበር። ከመንገድ ዳር ባለችው ቆርቆሮ ቤቱ ላይ «የቤትና የቢሮ ዕቃዎች» የሚል ታፔላ ሰቅሎ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ፈርኒቸርስ» ይላል። ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ለእረፍት ስመጣ ታፔላውን አይቼ አፈርኩ። «አባዬ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ስህተት ናት፤ አይቆጠርም» አልኩት። መላጊያውን አስቀምጦ አየኝ። «አልጋ እሠራለሁ፣ ቁምሳጥን እሠራለሁ፣ ወንበር እሠራለሁ። አንድ ብቻ ነው እንዴ የምሠራው?» አለ። እኔ ግን ሕጉን ደጋግሜ ነገርኩት። በማግስቱ ቡናማ ቀለም ነክሮ ያችን አንዲት ፊደል ደፈናት። ታፔላው እስኪወርድ ድረስ ከመጨረሻው ላይ ጥፍር የምታህል ቡናማ ነቁጥ ትታይ ነበር። ደንበኞቹ ምንድን ናት ብለው ሲጠይቁት «ልጄ ናት፤ ተምራ ነው» ይል ነበር አሉ።

እንዲህ ነበርኩ። ይህን የምናገረው በኋላ ስለተናደድኩበት ሰውዬ ስትሰሙ፣ እኔ ከሰማይ የወረድኩ ንጹሕ እንዳልመስላችሁ ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት ስምንተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ከመስቃን በኩል ካለ ገጠር በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር፣ ሂጃቧን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ የምታስር፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ልጅ ናት። እናቷ ዛላ በርበሬ ገዝታ፣ ቀንጥሳና አድርቃ ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት። የመጀመሪያው መንፈቅ ላይ ሰሌዳ ላይ ዐሥር ቃላት ጻፍኩና ተማሪዎቹን «የሚቆጠሩትን በአንድ ወገን፣ የማይቆጠሩትን በሌላው ጻፉ» አልኳቸው። ደብተሮቹን ስሰበስብ የዚህችን ልጅ ገልብጬ አየሁና ሳቄ መጣ። ዳቦና ቅቤን የሚቆጠሩ ብላለች። የቅቤው ገባኝ፤ ገበያ ላይ በኮባ ቅጠል እየተጠቀለለ አንድ፣ ሁለት እየተባለ ሲነሳ አይታለች። ያሳቀኝ ሌላው ወገን ነው። ልጅንና ላምን ከውሃና ከአየር ጋር የማይቆጠሩ ውስጥ ከትታቸዋለች።

ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ በትልቁ «ይቆጠራል!!» ብዬ ጻፍኩበት። ሁለት ቃለ አጋኖ። አንዱ አልበቃኝም። በዚያ ላይ ደብተሩን ከፍ አድርጌ ለክፍሉ አነበብኩት፤ ክፍሉም ሳቀ።

ልጅቷ ተነሳች። «ቲቸር፣ ልጅ አይቆጠርም» አለች።

«ማን ነው ያለሽ?»

«እናቴ።»

ከኋላ ወንበር አንዱ ተቀበላት። «እውነቷን ነው ቲቸር፤ ከብትም አይቆጠርም። አባቴ ሲቆጥሩበት ይጣላል።» ከሳቁትም አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሰዓት እየሄደብኝ ነበርና ነገሩን ቆረጥኩት። «እቤታችሁ አይቆጠር ይሆናል። በእንግሊዝኛ ይቆጠራል። ጻፉ!» ጻፉ። እሷም ጻፈች።

ከዚያን ቀን በኋላ ያች ልጅ አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። ለሚቆጠረው «ሜኒ»፣ ለማይቆጠረው «ማች» ማለት የብዙ ተማሪ ጠር ነው፤ እሷ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ከጎኗ ያሉትን የምታርም ሆና ነበር። ባለፈው ዓመት ካስተማርኳቸው ሁሉ የምትበልጠው እሷ ነበረች፤ ይህን ስል አላጋነንኩም።

ሰኔ ላይ ዕድል መጣ። ወደ ሆሳዕና መውጫ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በዙሪያው ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንዳንድ ልጅ ተቀብሎ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ በነፃ ሊያስተምር ሆነ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ይልካል፤ የተላከው ልጅ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ካለፈ ይገባል፤ ካላለፈ ቦታው ባዶ ይቀራል። እኛ እሷን ላክን። ስትመረጥ ከመምህራኑ አንድም ሰው አልተከራከረም፤ እኛ ትምህርት ቤት ይህ ተአምር ነው።

ይህ ዕድል ለሌላ ልጅ ጥሩ ነገር ነው፤ ለእሷ ግን ሕይወቷ ነበር። ታላቅ እህቷ ስምንተኛን እንደጨረሰች ዓረብ አገር ሄዳለች። ያንኑ መንገድ የሚያመቻቸው ደላላ ሰሞኑን ሁለት ጊዜ ቤታቸው መጥቶ ሻይ ጠጥቷል። ልጅቷ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ እንደ ተራ ወሬ። «እዚያ ካለፍኩ ግን እናቴ ትማር ብላለች» አለችኝ።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ራሴ ይዣት ሄድኩ። ከበር ቆሜ ጠበቅኳት። ስትወጣ ፊቷ ምንም አይልም። ባጃጅ ውስጥ ገብተን ስንመለስ ምን ምን እንደጠየቋት አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ መልሶቿ ሁሉ ልክ ነበሩ። መጨረሻ ላይ፣ «ስንት ወንድምና እህት አለሽ አለኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዊ አር ሜኒ፣ ታንክስ ቱ ጋድ።»

ብዙ ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን ማለቷ ነው። «ጎበዝ» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ምንም አልከነከነኝም። ሾፌሩ መስተዋቱ ውስጥ እያየ «አይ እንግሊዝኛ!» አለና ሳቀ፤ እኛም ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ወረቀት መጣ። አላለፈችም። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «በ‹ሃው ሜኒ› የተጠየቀችውን ቀላል ጥያቄ መረዳት አልቻለችም።»

ወረቀቱን ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።  መረዳት አልቻለችም! ይህች ልጅ! ቦርሳዬን አንጠልጥዬ፣ የያዝኩትን ክፍለ ጊዜ ለሌላ መምህር ትቼ፣ በመጀመሪያ ባገኘሁት ባጃጅ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ለሾፌሩ ስናገር ነበር፤ ምስኪኑ «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» እያለ ነዳ።

ፈታኙ ወጣት ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ መታወቂያው በአንገቱ የተንጠለጠለ፣ የአዲስ አበባ ልጅ አነጋገር የሚያበዛ። ወንበር ስቦ ሰጠኝ፤ «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ትሕትናው አበሸቀኝ።

«ቲቸር፣ ይረጋጉ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ አልካድኩም። ግን ‹ሃው ሜኒ› ሲባል የሚመለሰው ቁጥር ነው።»

«‹ሜኒ› ብላለች እኮ! ‹ማች› አላለችም! የምትፈትኑት እሱን አይደለም እንዴ? ወንድምና እህት የሚቆጠር ስም መሆኑን አውቃ ነው ‹ሜኒ› ያለችው።»

«‹ሜኒ› ቁጥር አይደለም።»

«ልጅቷ የተፈተነችው እንግሊዝኛ ነው ወይስ ሕዝብ ቆጠራ?»

ፈገግ አለ። «ቁጥሩን ብትለኝ እኮ አለቀ። እዚህ የመጡት ልጆች ሁሉ ብለዋል።»

«እነሱ ቤት ይባል ይሆናል። እሷ ቤት ልጅ አይቆጠርም። ነውር ነው፤ ይፈራሉ። አንተ የዚህ አገር ልጅ አይደለህም?»

«አያቴ እንደዚያ ትል ነበር» አለ፤ እንደ ቀልድ። «ግን ቲቸር፣ እኛ የተማርን ሰዎች ነን። በጣም ቀላል ጥያቄ ነው፤ ማንም ይመልሰዋል። ለምሳሌ እርስዎ ስንት ልጆች አሉዎት?»

«አሉኝ፤ ጌታ ይመስገን» አልኩት።

ቀጣዩን ቃል የሚጠብቅ መሰለ። ብዕሩን በሁለት ጣቶቹ መሃል ይዞ ያየኛል። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

«ስንት?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። እኛ ቤት ጌታን ከተቀበልን ወዲህ ዓይንም፣ ሟርትም፣ ገድም ተትቷል፤ እናቴ ስለዚህ ስትሰብክ ያደግኩ ነኝ። እሷው እናቴ ግን ከቤተ ክርስቲያን የመጣ እንግዳ «ስንት ልጆች አሉሽ?» ሲላት «ጌታ የሰጠን አሉ» ብላ ወንበር ስታስተካክል ትዝ አለኝ። እኔ ራሴ በቅጽ ላይ እጽፋለሁ፤ በአኃዝ ጽፌ እፈርማለሁ። በአፌ ግን ለማንም ብዬው እንደማላውቅ ያን ጊዜ፣ በዚያ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነው የገባኝ። የራሴን ልጆች ቁጥር መናገር አቅቶኝ እንደ ተማሪ ተቀመጥኩ።

«ይኸው» አለ ወጣቱ፣ በድል አይደለም፣ በመገረም። «እርስዎም አልመለሱም።»

«እንግሊዝኛ ስለማልችል ነዋ!» አልኩት።

ይህን ስል ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ወደ መስኮቱ ዞሩ። እሱ ግንባሩን አሸ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን ለመናገር ዛሬም ይተናነቀኛል፣ ግን አይደለም። «የፈተናውን ጥያቄ መለወጥ አልችልም» አለ በመጨረሻ። «ለሁሉም የተጠየቀው ይኸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ትምጣና ደግሜ እጠይቃታለሁ። ቁጥር ብቻ ትበል። አንዲት ቁጥር።»

«ወንበር አስቆጥራት። መጽሐፍ አስቆጥራት። ባቄላ አስቆጥራት፤ ባቄላ ይቆጠራል አይደል?»

«አልችልም ቲቸር።»

አንዲት ቁጥር! አራት ዓመት ትምህርት በአንዲት ቁጥር። ወጥቼ ስሄድ በሩን በኃይል ዘጋሁት፤ ከዚያ ተመልሼ ቦርሳዬን ወሰድኩ።

በማግስቱ ልጅቷን በእረፍት ሰዓት ጠርቼ ነገሩን አስረዳኋት። መፍትሔም ይዤ ነበር፤ ያስተማርኩት ሁሉ ተረስቶኝ ውሸት ላስተምራት ነበር። «ማንም አይመረምርሽም። እውነተኛውን አትበይ። ዝም ብለሽ ‹ሁለት› በይና ውጪ» አልኳት።

 «ቲቸር፣ ሁለት ካልኩ የትኞቹን ልተው?» አለች።

 ሂጂ ብዬ ሰደድኳት።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ዘንድ ሄድኩ። ግቢያቸው በእንሰት የተከበበ ነው። እናትየው ከቤቱ ፊት ጆንያ አንጥፋ፣ አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና በርበሬ ትቀነጥሳለች። እኔ ገና ከበሩ ስገባ አነጠሰኝ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?»

«አልሃምዱሊላህ። ግቢ ቲቸር፣ ግቢ። በነፋሱ በኩል አትቀመጪ፣ ይፈጅሻል።»

ከልጆቹ አንዷ በርጩማ አመጣችልኝ። የመጣሁበትን ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ወጣቱን፣ ሐሙስን። እጇ ሥራውን አላቋረጠም። ግንጫፉን ትቀነጥሳለች፣ ዛላውን ትጥላለች። ልጅቷ አንድ ጥያቄ ብቻ እንደቀራት፣ እሱም ቁጥር መሆኑን ስነግራት ግን እጇ ቆመ።

«እሷ ምን አለች?» አለችኝ።

«እሺ አላለችኝም። እርስዎን ፈርታ ነው መሰለኝ።»

«እኔን አይደለም የፈራች።» ሻርፑን ከአፏ አወረደች። «እኔ ድሮ አልፈራም ነበር ቲቸር። ሰው ሲል እስቅ ነበር። አንድ ጊዜ አጎበር ሊሰጡ የሚመዘግቡ መጡ። ስንት ልጆች አሉ አሉኝ። በጣቴ ቆጠርኩላቸው። እየሳቅኩ ቆጠርኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ትንሹ ልጄ ታመመብኝ፤ አላህ ወሰደው። አጎበሩ ከዚያ በኋላ መጣ። እንደቆጠርኩት፣ ልክ። የሱ አጎበር ግን የሚተኛበት ሰው አልነበረውም።»

 ከንፈሬን እንኳ መምጠጥ አፈርኩ።

«ትኩሳት ነው የገደለው» አለች። «አውቃለሁ። ሐኪሙም ነግሮኛል። አልተማርኩም እንጂ ይገባኛል። ግን እኔ ቆጥሬው ነበር።»

ተነስቼ ልሄድ ፈለግኩ። እግዜር ይየን፤ እንግሊዝኛን፣ ሕጉን፣ ሸሚዙ የተተኮሰውን ልጅ፣ ባለ ሁለት ቃለ አጋኖዋን መምህርት፣ ሁላችንንም። ዳቦ ተሰልፈን እየቆጠርን የምንበላ ሰዎች ዳቦ አይቆጠርም ሲሉን አሜን ብለን ተቀበልን። እሺ፣ ይሁን። ይህች ሴት ግን ልጅ አይቆጠርም ስትል ለእሷ አንድ መስመር ቦታ አጣንላት። አንድ መስመር! መጽሐፉ ሩዝን የማይቆጠር ያለው ፍሬው በዝቶ ነው ይባላል፤ የእሷ ምክንያት ከዚህ ያንሳል?

«ይቅር» አልኳት። «ይቅር እናቴ። ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።» ሌላ መንገድ እንደሌለ አውቅ ነበር።

«ካልገባች ሰውየው ይመጣል» አለች፤ ደላላውን ማለቷ ነው። «አባቷ እሺ ይላል። ትልቋም እንደዚህ ነው የሄደች።» ሻርፑን መልሳ አፏ ላይ አደረገች። ጥቂት ዛላ ቀነጠሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «በእንግሊዝኛ ነው አይደል የምትለው?» አለችኝ።

«አዎ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ።»

«አንቺ እዚያ አለሽ?»

«ከበሩ ላይ እቆማለሁ።»

«በእንግሊዝኛ ይሁን እንግዲህ። ዓይን እንግሊዝኛ አይሰማ ይሆናል።» ልትስቅ ሞከረች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። በርበሬው ሁለታችንንም አስነጠሰን።

ሐሙስ ጠዋት ልጅቷን ይዤ ሄድኩ። ወጣቱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ፤ አጸፋውን ነፈግኩት። በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ፤ እኔ ከደጅ ቆምኩ። ጥያቄውን ሲጠይቃት ሰማሁ። ያ ቃሉ የተስተካከለ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ እንግሊዝኛ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፤ ረጅም ጸጥታ። በልቤ «አትበይ» ስል ራሴን ያዝኩት። ከክፍለ ጊዜዬ ቀርቼ፣ ለምኜ፣ ጮኼ ያመጣኋትን ልጅ፣ አትበይ!

አለች። ወንድሞቿን ለብቻ፣ እህቶቿን ለብቻ፣ ከነቁጥራቸው፣ የብዙ ቁጥር ምልክቷን ከየቃሉ መጨረሻ ሳትረሳ። ሰዋስዉ እንከን የለውም። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

«ቬሪ ጉድ! አየሽ፣ ቀላል ነው!» አላት።

ቀላል ነው! ያን ጊዜ ገብቼ በቦርሳዬ ራሱን ያልመታሁት ጌታ ስለያዘኝ ነው።

ስትወጣ አላለቀሰችም። ማለፏን ገና ከበሩ ላይ ነግሯታል፤ ወረቀቱንም ፈርሞ ለእኔ ሰጠኝ። እሷ ወረቀቱን ዞራም አላየችው። «ቲቸር፣ ቶሎ ቤት እንሂድ» ብቻ አለች። ባጃጁን ቶሎ በል፣ ቶሎ በል ያልነው ሁለታችንም ነን። አንዴ ዞሬ ሳያት ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ቀርቅራ ከንፈሯን ነክሳለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ እሷን ከመሰለ ጎበዝ ጋር ያገናኘኝ እንደሆነ ምን ብዬ እንደማስተምረው አላውቅም።

ግቢያቸው ስንደርስ የትምህርት ሰዓት ነበር፤ ማንም ልጅ ቤት ሊሆን አይገባም። ሁሉም ግን ነበሩ። እናትየው ከንጋት ጀምሮ አንዳቸውንም ከግቢ አላስወጣችም። ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ከቤቱ ክዳን ጥላ ሥር ካለው መደብ ላይ ትከሻ ለትከሻ አስቀምጣቸዋለች። ትንሿ ሰልችቷት የአንዷ እህቷ ጭን ላይ ተኝታለች። እናትየው ከፊታቸው ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ በርበሬ አልያዘችም። የያዘችው ስልክ ነው። ዓረብ አገር ያለችውን ልጅ በኢሞ ደውላ፣ ሥራዋን አስትታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከመስመሩ ላይ አላወረደቻትም። በስልኩ ውስጥ ኩሽና ቆማ የምታለቅስ ወጣት ፊት ታየኝ። «ምን ሆናችሁ ነው? ንገሩኝ እንጂ! ምን ሆናችሁ ነው?» ትላለች።

ልጅቷ ሮጣ ሄዳ ከመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የጎደለችው እሷ ብቻ ነበረች።

«አለፈች?» አለችኝ እናትየው፤ ዓይኗን ከልጆቹ ሳታነሳ።

«አለፈች እናቴ።»

«አልሃምዱሊላህ» አለች። ድምጿ ውስጥ ደስታ ፈልጌ አጣሁ። ወደ ስልኩም «ምንም አልሆንንም፣ ሁሉም አለ፣ እህትሽ ትምህርት አገኘች» አለች።

እኔ ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። ጠዋት ጠዋት ተማሪ መቁጠር ሥራዬ ነው፤ ልጆች በመስመር ተቀምጠው ሳይ ዓይኔ ሳላዘው ይጀምራል። ከመደቡ ጫፍ ተነሳ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እናትየው ቀና ብላ አየችኝ። ያወቀችብኝ መሰለኝ።

ዓይኔን ከልጆቹ ላይ አንስቼ መሬት መሬት አየሁ። «ማሻአላህ» አልኩ፣ እኔ ጴንጤዋ፤ በሕይወቴ ብዬው አላውቅም።

«ተቀመጪ ቲቸር» አለችኝ፤ ከጆንያዋም ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።